ቱሪስት የሚያያትን አየርላንድ ማን ሠራት?

በየዓመቱ ማርች 17፣ በእኛ መጋቢት 8፣ የቅዱስ ፓትሪክ ቀን ሲደርስ ከኒውዮርክ እስከ ሲድኒ ብዙ ከተሞች አረንጓዴ ይለብሳሉ። አብዛኛው ሰው ይህን ከአየርላንድ ተነሥቶ ዓለምን ያዳረሰ ጥንታዊ ልማድ ያደርገዋል። የነገሩ አካሄድ ግን ባመዛኙ የተገላቢጦሽ ነው። በኒውዮርክ የዕለቱ ሰልፍ የተጀመረው በ1762 ነው። አየርላንድ ውስጥ ቀኑ ለረጅም ዘመን የቤተ ክርስቲያንና የቤተሰብ በዓል ነበር፤ ለአሥርተ ዓመታት መጠጥ ቤቶች በሕግ ይዘጉበት ነበር። ዛሬ ቱሪስት የሚጎርፍለትን የደብሊን ፌስቲቫል መንግሥት አስቦበት ያቋቋመው ሲሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የተከበረው በ1996 ነው። ታዋቂ ሕንፃዎችን በአረንጓዴ መብራት ማድመቅ ደግሞ በ2010 በሲድኒ ኦፔራ ሃውስ የተጀመረ የአየርላንድ የቱሪዝም ማስታወቂያ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታዲያ በዓሉ የውሸት ነው? ጉዳዩን የሚያጠኑ ሰዎች በዚህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ አያባክኑም። የሚጠይቁት ማን እንደወሰነ፣ በማን ገንዘብ እንደተሠራ፣ ከሥዕሉ ማን እንደቀረና የአገሬው ሰው ኑሮ በዚህ የተነሣ እንዴት እንደተለወጠ ነው።

ይህ ጥናት ምን ይመረምራል?

ማንነት አንድ ሕዝብ «እኛ እንዲህ ነን» እያለ ስለራሱ የሚናገረው ነው። ቱሪዝም ይህንኑ ለማያውቅ ሰው፣ በአጭር ጊዜ፣ በዋጋ መንገርን ይጠይቃል። ስለዚህ ከብዙው ነገር ጥቂቱ መመረጥ አለበት። ተመራማሪው የሚከታተለው ይህን ምርጫ ነው። ማስረጃ የሚፈልገውም በቱሪዝም ቦርድ ቃለ ጉባኤ፣ በፓርላማ ክርክር፣ በብሮሹርና በፖስትካርድ፣ ለጋዜጣ በተላኩ የቅሬታ ደብዳቤዎች ውስጥ ነው፤ አስጎብኚዎችንና ጎብኚዎችንም ይጠይቃል። ፖስትካርዶችን ደርድሮ ስንቱ ላይ አህያ፣ ስንቱ ላይ ፋብሪካ እንዳለ መቁጠርም የተለመደ ዘዴ ነው።

ስለ አየርላንድ ማይክል ክሮኒን እና ባርባራ ኦኮነር ከ1990ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ የተለያዩ ምሁራንን ጥናቶች አሰባስበው አሳትመዋል። የታሪክ ተመራማሪው ኤሪክ ዙሎ ደግሞ ከ1920ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነት ወዲህ ያለውን መዝገብ አገላብጦ ሥራውን በ2009 ለንባብ አብቅቷል። ቱሪስቱ የሚያያትን አየርላንድ ባለሥልጣናትና ነጋዴዎች ከላይ ጫኗት የሚለውን የተለመደ አስተያየት አይቀበልም። መዝገቡ ውስጥ ያገኘው የማያባራ ክርክር ነው፤ መንግሥትም፣ የሆቴል ባለቤቱም፣ የመንደሩ ኮሚቴም፣ ከውጭ የመጣው እንግዳም የየራሳቸውን የሚናገሩበት። ከዚህ በታች ያሉት ጉዳዮችም በዚህ መነጽር ሲታዩ ይበልጥ ይገባሉ።

አንድ ሌላ ሐሳብ መያዝ ያስፈልጋል፤ አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዲን ማካኔል በ1973 ያቀረበው «የተሰናዳ እውነተኛነት»። በእኛ ቤት ሳሎንና ጓዳ ብንለው ይገባል። እንግዳ በተሰናዳው ሳሎን ይስተናገዳል። ቱሪስት ግን ሳሎን አይበቃውም፤ «ትክክለኛውን ኑሮ»፣ ማለትም ጓዳውን፣ ማየት ይሻል። ይህን የተረዳ አስተናጋጅ ለእንግዳ የሚታይ ሁለተኛ ጓዳ ያሰናዳለታል። የቤቱ ሰው የሚኖርበት ጓዳ ከዚያ ጀርባ ተዘግቶ ይቀራል።

የቱሪዝም ቦርድ መንደርን እንዴት ይለውጣል?

የዛሬዋ የአየርላንድ ሪፐብሊክ፣ ማለትም ከደሴቲቱ 32 አውራጃዎች 26ቱ፣ በ1922 ራሳቸውን ማስተዳደር ሲጀምሩ አገሪቱ ደሃና በጦርነት የደቀቀች ነበረች። የአየርላንድ ቱሪስት ማኅበር በ1925 ተመሠረተ፤ በ1939 በሕግ የመንግሥት ቦርድ ተቋቋመ። ይህ ቦርድ በኋላ ቦርድ ፎልቻ ተባለ፤ ከ2003 ወዲህ ሥራውን የያዘው ፎልቻ አየርላንድ ነው።

ቦርዱን ያስጨነቀው የወቅቱ ማጠር ነበር። ጎብኚ የሚመጣው በአውሮፓ በጋ ወራት (በእኛ የክረምት ጊዜ) ብቻ ሲሆን በቀሪው ጊዜ ሆቴሎች ባዶ ይቀመጣሉ። መፍትሔ ይሆናል ተብሎ በ1953 አን ቶስታል የተባለ የጸደይ ፌስቲቫል ተዘጋጀ። ደብሊን ውስጥ ኦኮነል ድልድይ ላይ የፕላስቲክ ነበልባል ያለው «የብርሃን ሳህን» ተተከለ። የከተማው ሰው ሲያፌዝበት ሰነበተ፤ ብዙም ሳይቆይ አንድ ተማሪ ከፊሉን ነቅሎ ሊፊ ወንዝ ውስጥ ከተተው። ፌስቲቫሉ በአገር አቀፍ ደረጃ ከአሥር ዓመት በታች ነው የቆየው።

ከፌስቲቫሉ የተወለዱት ግን አደጉ። አብሮት የነበረው የጽዳት ዘመቻ በ1958 «ታይዲ ታውንስ» የተባለ የመንደሮችና የከተሞች ውድድር ሆነ። በመጀመሪያው ዓመት 52 ተወዳዳሪ ቀርቦ በዶኔጋል አውራጃ የምትገኘው ግሌንቲስ አሸነፈች። አሠራሩ ቀላል ነው። ዳኛው ሳይናገር በበጋ ይመጣል፤ የመግቢያ መንገዱን፣ የቆሻሻውን ነገር፣ የሱቆቹን ፊት፣ የአትክልት ቦታዎቹን እየዞረ አይቶ ነጥብ ይሰጣል፤ ከዚያ ምን እንደጎደለ የሚዘረዝር የጽሑፍ ሪፖርት ለኮሚቴው ይላካል። ኮሚቴው ሪፖርቱን ይዞ ለሚቀጥለው ዓመት ይሠራል። ዛሬ ቱሪስት «የአይሪሽ መንደር ጥንታዊ መልክ» እያለ ፎቶ የሚያነሣው ደማቅ በርና በአበባ የተሞላ መስኮት ትልቅ ድርሻው ከዚህ ውድድር የመጣ ነው። መነሻው የእንግዳ ዓይን ነው፤ ነዋሪው ግን ቱሪስት ዝር በማይልበት መንደርም ቅዳሜ ጠዋት መጥረጊያ ይዞ ይወጣል። ባህል ተሸጠ ወይስ ባህል ተወለደ? እዚህ ላይ ሁለተኛው የሚያመዝን ይመስለኛል።

አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ የመኳንንት ግብር ለምን ይበላል?

ይህ ጉዳይ ሰፋ አድርጎ መታየት ያለበት ነው፤ ቴክኖሎጂ ባህልን እንዴት እንደሚጎትት እንደዚህ የሚያሳይ ምሳሌ ብዙ የለም።

ሻነን በአየርላንድ ምዕራብ ጠረፍ ያለ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በ1940ዎቹ አትላንቲክን የሚያቋርጥ አውሮፕላን ነዳጅ ለመቅዳት እዚያ ያርፍ ነበር። በዓለም የመጀመሪያ የሚባለው ከቀረጥ ነጻ የኤርፖርት ሱቅም በ1947 እዚያ ተከፈተ፤ ሐሳቡን ያመነጨው ብሬንዳን ኦሪጋን ነው። ከዚያ ጄት መጣ። ጄቱ ሳያርፍ ውቅያኖሱን ስለሚሻገር ሻነን ሊዘጋ ተቃረበ። (የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2015 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ወደ ሎስ አንጀለስ ሲበር ደብሊን ያርፍ እንደነበር ትዝ የሚለው ሰው ነገሩ ይገባዋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች አውሮፕላን ታንኩን ሞልቶ ከሙሉ ጭነት ጋር መነሣት ይቸግረዋል፤ ስለዚህ የሆነ ቦታ መውረድ የግድ ነው።)

ነዳጅ የማያስፈልገው መንገደኛ እንዲወርድ ሌላ ምክንያት መፍጠር አስፈለገ። በአቅራቢያው በ1425 ገደማ የተሠራው የበንራቲ ግንብ ፈራርሶ ቆሞ ነበር። በ1954 ሎርድ ጎርት ገዛው፤ ከመንግሥት ጋር ሆኖ አሳደሰው፤ በ1960 ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ1963 የማታ ግብር ተጀመረ። እንግዶች በረጃጅም ጠረጴዛ ይቀመጣሉ፤ ሥጋ በቢላና በእጅ ይበላሉ፤ የማር ጠጅ ይቀርብላቸዋል፣ ጌሾ የሌለው ጠጅ መሆኑ ነው፤ የአካባቢው ወጣቶች በገና እየደረደሩ ይዘምራሉ። በ1964 ከግንቡ ግርጌ የገጠር ቤቶች መንደር ተጨመረ። ከመጀመሪያዎቹ ቤቶች አንዱ የሻነን አውሮፕላን መንደርደሪያ ሲራዘም ሊፈርስ የነበረ የገበሬ ቤት ነው፤ አውሮፕላኑ የነቀለውን ቤት ቱሪዝሙ ተከለው።

ተቺዎች የ15ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድ ባላባት ማዕድ እንዲህ እንዳልነበረ፣ ከሚዘፈኑት ዘፈኖች ብዙዎቹ ከዘመኑ በኋላ የመጡ መሆናቸውን ያነሣሉ። ልክ ናቸው። ሌላው ወገን ግንቡ ያለዚህ ገቢ ይፈርስ እንደነበረና ሥራ አጥተው ለመሰደድ የተዘጋጁ ዘፋኞች እዚያ ደመወዝተኛ እንደሆኑ ይመልሳል። ይህም ልክ ነው። በማካኔል ሐሳብ ስናየው ይህ ሳሎን መሆኑን ማንም አይክድም፤ እንግዳውም ተውኔት እንደሚያይ እያወቀ ነው የሚገባው። ችግር የሚመጣው ተሰናድቶ ሳለ እንዳልተሰናዳ ሆኖ ሲቀርብ ነው።

ከሥዕሉ ማን ቀረ?

እንግሊዛዊው ፎቶ አንሺ ጆን ሃይንድ በ1956 የፖስትካርድ ድርጅት ከፈተ። ከሥራዎቹ በጣም የታወቀው በምዕራብ አየርላንድ፣ በኮኔማራ፣ ሁለት ቀይ ፀጉር ያላቸው ልጆች የማገዶ አፈር ከጫነ አህያ ጋር ቆመው የሚታዩበት ነው። ፊልሙ ለቀለም ሥራ ወደ ጣሊያን ይላክ ነበር፤ ሰማዩ ሰማያዊ እንዲሆን፣ ሹራቡ እንዲቀላ ትእዛዝ አብሮ ይሄዳል። የማያምር ነገር ካሜራው ፊት ካለ ደግሞ አበባ ያለው ቅርንጫፍ ቆርጦ ፊቱ ላይ ማድረግ የታወቀ ዘዴው ነበር። ካርዱ በተሸጠበት በ1950ዎቹ ከ400,000 በላይ ሰው ከአገሪቱ ተሰዷል። ገጠሩ ባዶ በሆነ መጠን በፖስትካርድ ላይ ደመቀ።

ከዚህ የባሰው የትራቨለሮች ጉዳይ ነው። ትራቨለሮች በጋሪ እየተዘዋወሩ ይኖሩ የነበሩ፣ የራሳቸው ልማድና ቋንቋ ያላቸው የአየርላንድ ማኅበረሰብ ናቸው። በ1963 የወጣ የመንግሥት ኮሚሽን ሪፖርት ዘዋሪ ኑሯቸውን እንደ ችግር ቆጥሮ በአንድ ቦታ እንዲሰፍሩ መክሯል። በዚያው አሥርት ዓመት እነሱ ይኖሩበት የነበረው ዓይነት ባለ ቀለም የፈረስ ጋሪ ለቱሪስት በሳምንት ሂሳብ ይከራይ ጀመር። አንዱ በጋሪው ከመንገድ ዳር ሲባረር ሌላው በዚያው መንገድ በጋሪ ሽርሽር ይሄዳል። መንግሥት ትራቨለሮችን እንደ ብሔረሰብ እውቅና የሰጣቸው በማርች 2017 ነው።

የአሁኑ ክፍተት ሌላ ነው። በ2022 ቆጠራ መሠረት ከሪፐብሊኩ ነዋሪ 20 በመቶው የተወለደው ከአየርላንድ ውጭ ነው። በብሮሹሩ ላይ የሚታየው ፊት ግን ከሃይንድ ልጆች ብዙም አልራቀም።

ታድሶ የተሠራ ጥንታዊ ቦታ እውነተኛ ነው?

ኒውግሬንጅ ከ5,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ የመቃብር ጉብታ ነው። በዲሴምበር፣ በዓመቱ እጅግ አጭር በሆነው ቀን፣ ፀሐይ ስትወጣ ብርሃኗ ከበሩ በላይ ባለ ቀዳዳ ገብቶ 19 ሜትር መተላለፊያ አቋርጦ የውስጡን ክፍል ለ17 ደቂቃ ያህል ያበራል። ያን ዕለት ውስጥ የሚገባው በዕጣ የሚመረጥ ጥቂት ሰው ብቻ ነው። በሌላ ጊዜ የሚሄድ ሰው ትኬቱን ጉብታው ጋ አያገኝም፤ ማዶ ካለው የብሩ ና ቦይን ማእከል ቆርጦ በአውቶቡስ ይወሰዳል። ይህን ሳያውቁ በቀጥታ የሚሄዱ ብዙዎች ከአጥር ውጭ ይመለሳሉ።

ፎቶ ላይ የሚታየው ነጭ የድንጋይ ግድግዳ ግን የ1970ዎቹ ሥራ ነው። ቁፋሮውን ከ1962 እስከ 1975 የመሩት ፕሮፌሰር ማይክል ኦኬሊ መሬት ላይ ተበትነው የተገኙት ነጫጭ ድንጋዮች ከተናደ ግድግዳ የወደቁ ናቸው ብለው ደመደሙ፤ በብረትና በኮንክሪት ተደግፎ ቆመ። ሌሎች አርኪዮሎጂስቶች ድንጋዮቹ መጀመሪያውኑ መሬት ላይ የተነጠፉ ሊሆኑ እንደሚችሉ ይከራከራሉ። ክርክሩ አላለቀም፤ ግድግዳው ግን የአገሪቱ ምልክት ሆኗል።

ቱሪዝም የአይሪሽ ቋንቋን ይጠብቃል ወይስ ይጎዳል?

በ2022 ቆጠራ 1.87 ሚሊዮን ያህል ሰው አይሪሽ እችላለሁ ብሏል፤ ከትምህርት ቤት ውጭ በየቀኑ የሚናገረው ግን 72,000 ገደማ ነው። ቋንቋው የኑሮ ቋንቋ የሆነባቸው ቀጣናዎች ጌልታክት ይባላሉ፤ አብዛኞቹ በምዕራብ ጠረፍ፣ ማለትም ቱሪስት በሚወደው መልክዓ ምድር ላይ ናቸው። በአገር ውስጥ ቱሪዝም ቋንቋው ይጠቀማል። ተማሪዎች በበጋ ለሳምንታት በነዋሪ ቤት እያደሩ አይሪሽ ብቻ ይናገራሉ፤ መንግሥት ለአስተናጋጇ እመቤት በተማሪ ልክ ይከፍላል። የውጭ ቱሪስት ሲመጣ ግን ወሬው ሁሉ ወደ እንግሊዝኛ ያጋድላል።

ግጭቱ በግልጽ የወጣው በኬሪ አውራጃ ባለችው ዲንግል ነው። ከተማዋን በውጭ ያስተዋወቋት ወደቧ፣ ሙዚቃዋና ከ1983 እስከ 2020 በባሕረ ሰላጤዋ የኖረው ፈንጊ የተባለ ዶልፊን ናቸው። በ2005 ሥራ ላይ የዋለ ደንብ በጌልታክት የቦታ ስም በአይሪሽ ብቻ እንዲጻፍ አዘዘ፤ «ዲንግል» ከመንገድ ምልክት ወጥቶ «አን ዳንገን» ተተካ። የነዋሪው ቅሬታ ተግባራዊ ነበር፤ ካርታ ይዞ የሚመጣ ጎብኚ ከተማዋን ያጣታል፣ በኦፋሊ አውራጃ ደግሞ ተመሳሳይ ስም ያላት ሌላ ከተማ አለች። ሰዎች ሌሊት እየወጡ ምልክቱ ላይ የድሮውን ስም ለጠፉ። በ2006 ነዋሪው ድምፅ ሰጠ፤ ከ90 በመቶ በላይ ሁለቱም ስሞች ይጻፉ አለ። ሕጉ የተስተካከለው በ2011 ነው። የቋንቋው ተሟጋቾች ለገበያ ሲባል ቋንቋ ተሸነፈ አሉ። ብዙዎቹ ድምፅ ሰጪዎች ግን አይሪሹ ስም ይውጣ አላሉም፤ እንዲያውም ሙሉውንና የቆየውን የአይሪሽ ስም ነው የጠየቁት።

የስደተኛ ልጆች አገራቸውን ሲጎበኙ ቱሪስት ናቸው?

ከ1845 ጀምሮ ለዓመታት በዘለቀው የድንች ረሃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። የእነዚህ ዘሮች ዛሬ ከአየርላንድ ቱሪዝም ዋና ዋና ደንበኞች መካከል ናቸው። በ2013 «ጋዘሪንግ» በተባለ ዘመቻ ነዋሪዎች በውጭ ያሉ ዘመዶቻቸውን እንዲጋብዙ ተጠይቀው በየቤተሰቡና በየመንደሩ ዝግጅት ተደረገ። ተዋናዩ ጌብርኤል በርን ዘመቻውን የዲያስፖራውን ኪስ ለማራገፍ የተፈለሰፈ ነው ሲል በይፋ ነቀፈ፤ ብዙ ክርክርም አስነሣ። በውጭ የምንኖር ሰዎች ይህን ክርክር ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻንም።

የዘር ሐረግ ፍለጋ የራሱ እንቅፋት አለው። በ1922 የደብሊኑ መዝገብ ቤት ሲቃጠል ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች ሰነዶች ባብዛኛው ወደሙ፤ ከ1861 እስከ 1891 ያሉትን ደግሞ ቀደም ሲል መንግሥት ራሱ አስወግዷቸው ነበር። ሙሉ ሆነው ከተረፉት ቀደምቶቹ የ1901 እና የ1911 ቆጠራዎች ሲሆኑ በብሔራዊ ቤተ መዛግብት በኢንተርኔት በነጻ ይገኛሉ። ከዚያ በፊት ላለው የመሬት ግብር ምዝገባንና የካቶሊክ ደብሮች የጥምቀት መዝገብን ማየት ነው። «ቅድመ አያቴ መርፊ የሚባል የኮርክ ሰው ነው» ብቻ ብሎ የሚመጣ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ደሴቲቱ ከ60,000 በሚበልጡ ትናንሽ የመሬት ክፍሎች ስለተከፋፈለች የክፍሉን ወይም የደብሩን ስም ከመነሣቱ በፊት ከአሜሪካ ወገን መዝገብ፣ ለምሳሌ ከጋብቻ ወረቀት ወይም ከመቃብር ድንጋይ ላይ፣ ማግኘት ይኖርበታል።

በሰሜን አየርላንድስ የማን ታሪክ ይነገራል?

ሰሜን አየርላንድ የብሪታንያ ግዛት ነው። እዚያ ከሁለቱ ወገኖች፣ ባመዛኙ ከብሪታንያ ጋር መቆየት ከሚሹት ፕሮቴስታንቶችና ከአየርላንድ ጋር መዋሃድ ከሚሹት ካቶሊኮች፣ አንዱ የሚኮራበት ሌላውን ያስቆጣል፤ ስለዚህ የሚተዋወቅ ነገር መምረጥ ከባድ ነው። በ2012 የተከፈተው ታይታኒክ ቤልፋስት ሁለቱ ወገኖች ከተጋጩበት ዘመን (ከ1960ዎቹ መጨረሻ እስከ 1998) በፊት የሆነ፣ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ታሪክ ስለያዘ ማንንም አያስከፋም ተብሎ ይታሰባል። ነገር ግን መርከቧን የሠራው ፋብሪካ ሠራተኛ ባብዛኛው ፕሮቴስታንት ነበር፤ በ1920 ካቶሊኮች ከመርከብ ሥራው በኃይል ተባርረዋል። የሁሉም የሚመስለው ታሪክ ለሁሉም እኩል አይጣፍጥም።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የካቶሊክና የፕሮቴስታንት ሰፈሮችን ለመለየት ከ1969 ጀምሮ የተገነቡት «የሰላም ግንቦች» አሉ። ታክሲ ነጂዎች ቱሪስት ይዘው ይመጣሉ፤ ጎብኚው በእስክሪብቶ ስሙን ይጽፋል። የክልሉ መንግሥት በ2013 ግንቦቹን በአሥር ዓመት ውስጥ ለማፍረስ ቃል ገብቶ ነበር፤ ዛሬም ቆመዋል። ዋናው ምክንያት ከጎናቸው የሚኖረው ሰው ፍርሃት ነው። አንዳንድ ጉብኝቶች አስጎብኚ ይቀያየራሉ፤ እስከ ግንቡ አንዱ ወገን ይመራል፣ ከግንቡ ማዶ ሌላው ይረከባል። ቱሪስቱ ሁለት ተቃራኒ ታሪክ ሰምቶ ይወጣል። በእኔ ግምት ከሙዚየሙ ይልቅ እውነቱን የሚያስጨብጠው ይህ ነው።

አንድ ደሴት ከሆነ ለምን ሁለት ቪዛ?

በ1998ቱ የሰላም ስምምነት መሠረት ደሴቲቱን በውጭ የሚያስተዋውቀው ቱሪዝም አየርላንድ የተባለ አንድ የጋራ ድርጅት ነው። ማስታወቂያው ድንበር አያሳይም፤ መንገዱ ላይም ኬላ የለም። ሕጉ ግን ሁለት ነው። አየርላንድ የሼንገን አባል ስላልሆነች የሼንገን ቪዛ አያስገባም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ የአሜሪካ ግሪን ካርድ ወይም የባሕረ ሰላጤ አገር መኖሪያ ፈቃድ ቢኖረውም፣ የአየርላንድ ቪዛ ያስፈልገዋል። ያ ቪዛ ደግሞ ወደ ሰሜን አየርላንድ አያሻግርም፤ ከደብሊን ተነሥቶ በአስጎብኚ አውቶቡስ ጃይንትስ ኮዝዌይ ወይም ቤልፋስት ለመድረስ የብሪታንያ ቪዛ ያሻል። የአሜሪካ፣ የእስራኤል ወይም የአውሮፓ ኅብረት ፓስፖርት ያለው ለአየርላንድ ቪዛ አይጠየቅም፤ ከ2025 ወዲህ ግን ወደ ሰሜን ለመሻገር ኢቲኤ የተባለውን የብሪታንያ የጉዞ ፈቃድ በኢንተርኔት ማውጣት አለበት፤ የአየርላንድ ዜጎችንና አየርላንድ ውስጥ በሕጋዊነት የሚኖሩ የእነዚህ አገሮች ዜጎችን ግን አይመለከትም። አስጎብኚ ድርጅቶች ይህ ፈቃድ የአንድ ደሴት ጉብኝት የሚባለውን ምርት ይሰብርብናል እያሉ ነፃ እንዲደረግ ሲወተውቱ ቆይተዋል። አውቶቡሱ ላይ ማንም ስለማይጠይቅ ብዙ ሰው ሳያውቅ ይሻገራል፤ ድንገተኛ ፍተሻ ሲያጋጥም ግን ያለፈቃድ ብሪታንያ እንደገባ ይቆጠራል፤ ይህም ለቀጣይ የቪዛ ማመልከቻው ጠንቅ ነው።